ብረቱ ወዴት ነው የተኛው?

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር 48 መያዣ እንዳዘጋጅ ተሰጠኝ። ቀላል ነገር ነው። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ፣ አንድ ቦታ ላይ በ90 ዲግሪ የሚታጠፍ፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው። ሥዕሉን ሠራሁ። ከዚያ ላሜራው ላይ እንዴት እንደምደረድራቸው ማሰብ ጀመርኩ። ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ሳስቀምጣቸው ዳር ላይ የሚጣል ብረት ይተርፋል። ግማሾቹን ባዞራቸው ግን ግጥም ይላሉ። አዞርኳቸው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ተቆረጡ፣ ማጠፊያው ላይ ወጡ። የመጀመሪያዎቹ 24 ምንም ሳይሉ ታጠፉ። የተቀሩት እጥፋታቸው ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አወጡ። አንዳንዱማ ጥፍር የሚያስገባ ነበር።

እኔ በላሜራው አመካኘሁ። ማጠፊያው ላይ የሚሠራው ሰውዬ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ምንም አልመለሰልኝም። አንድ የተሰነጠቀና አንድ ደህና አንስቶ ወደ መብራቱ ያዛቸው። ላሜራው ፊት ላይ በጣም ቀጫጭን መስመሮች አሉ። አንድ ሰው ካላሳያችሁ አታዩዋቸውም። ደህናው ላይ መስመሮቹ እጥፋቱን አቋርጠው ያልፋሉ። የተሰነጠቀው ላይ ከእጥፋቱ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ብረቱ ወዴት እንደተኛ ጠይቀሽ ነበር?» አለኝ።

«ብረት ይተኛል እንዴ ጋሼ?»

ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ዘይት የነካው አሮጌ ጋዜጣ አወጣ። ከላይ ወደ ታች ቅደጂው አለኝ። ቀጥ ብሎ ተቀደደ። አሁን ደግሞ በጎን ቅደጂው አለኝ። እየተንሻፈፈ፣ እየተቦጫጨቀ ሄዶ ካሰብኩት ሌላ ቦታ ወጣ። ወረቀቱ ሲሠራ ክሮቹ ማሽኑ በሄደበት አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ላሜራውም እንደዚያው ነው።

የሚያሳፍረኝ ትምህርት ቤት ይህንኑ ተፈትኜ ማለፌ ነው። መልሱን አሳምሬ ጽፌዋለሁ። የገባኝ ግን 24 መያዣ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ሮሊንግና ስለ ፎርጂንግ ልጽፍ ነው፤ ስለ መዳመጥና ስለ መቀጥቀጥ። ሁለቱም ብረትን ሳይቆርጡ፣ ሳይልጡ፣ በጉልበት ብቻ ቅርጹን ይቀይሩታል። ለእኔ ትልቁ ልዩነታቸው ብረቱን የሚያስተኙበት አቅጣጫ ነው።

መዳመጥ በወሬ ቀላል ነው። በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ሮለሮች አሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከብረቱ ውፍረት ይጠባል። ብረቱ ወፍሮ ይገባል፣ ቀጥኖ ይወጣል። አለቀ።

ግን አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ብረቱን ማን ያስገባዋል? ብዙዎቹ ከኋላ የሚገፋ ነገር ይፈልጋሉ። የሚያስገባው ሰበቃ ነው። ሮለሮቹ ጫፉን ነክሰው ይጎትቱታል። ሰበቃው ካነሰ ሮለሮቹ እየተንሸራተቱ በባዶ ይዞራሉ፣ ብረቱ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ለዚህ አንድ ደስ የሚል ቀመር አለ። በአንድ ማለፊያ ልትቀንሱት የምትችሉት ውፍረት፣ የሰበቃው መጠን በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በሮለሩ ራዲየስ ሲባዛ ከሚመጣው ቁጥር አይበልጥም። ራዲየሱ 300 ሚሊ ሜትር ይሁን። በቀዝቃዛና ዘይት በተቀባ ሮለር ሰበቃውን 0.1 ብንለው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚነክሰው። በጋለ ብረት 0.4 ብንለው ግን 48 ሚሊ ሜትር! ለዚህ ነው የጋለ ብረት የሚዳምጡ የመጀመሪያዎቹ ሮለሮች አንዳንዴ ሆን ተብሎ ሻካራ የሚደረጉት። እኔ ሰበቃ የማሽን ጠላት ነው እያልኩ ነበር ያደግኩት። እዚህ ግን እሱ ከሌለ ሥራም የለም።

ሌላው የሚገርመኝ ፍጥነቱ ነው። ብረት ሲዳመጥ ወደ ጎን ብዙም አይሰፋም፤ ወደ ፊት ይረዝማል። 250 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 10 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ግንድ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ርዝመቱ 1250 ሜትር ይሆናል። በተከታታይ የቆሙ ሮለሮች ውስጥ 30 ሚሊ ሜትር ሆኖ በሰከንድ 1 ሜትር የሚገባ ብረት፣ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሲወጣ በሰከንድ 15 ሜትር መሄድ አለበት። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እንግዲህ ከሮለሮቹ አንዱ ትንሽ ቢያዘገም አስቡት። ከኋላ የሚመጣው ብረት መሄጃ ያጣል። የጋለው ላሜራ ወደ ላይ ተወርውሮ እንደ ሪባን ይጠቀለላል። ለሥልጠና በሄድኩበት አንድ ቦታ ከመስታወት ጀርባ ሆኜ አይቼዋለሁ። ማንም አልተጎዳም፤ ሠራተኞቹም ብዙ አልደነገጡም። የደነገጥኩት እኔ ነኝ።

ሮለሩ ራሱም ይጎብጣል። እንደዚያ የሚያህል ብረት እንዴት ይጎብጣል እንዳትሉ። ሁለት ጫፉ ላይ ተይዞ መሃሉ ላይ ሲገፋ ምንም ነገር ይጎብጣል። ሮለሩ ሲጎብጥ ላሜራው መሃሉ ላይ ይወፍራል፣ ዳሩ ይቀጥናል። የቀጠነው ዳር ረዝሟል፤ መሃሉ ግን ያን ያህል አልረዘመም። ታዲያ ትርፉ ርዝመት የት ይሂድ? ይሞገዳል። እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይጨማደዳል። መድኃኒቱ ሮለሩን ሲሞርዱት መሃሉን በጥቂቱ ወፈር ማድረግ ነው፤ ጫና ሲያርፍበት ቀጥ ይላል። ሌላው መንገድ ቀጭን ሮለር ተጠቅሞ ከጀርባው ትላልቅ ደጋፊ ሮለሮች ማቆም ነው። ቀጭን ሮለር ብረቱን የሚነካበት ቦታ ትንሽ ስለሆነ አነስ ያለ ኃይል ይበቃዋል። በፖላንዳዊው መሐንዲስ በታዴውሽ ሴንድዚሚር ስም የሚጠራው ማሽን ሁለት ቀጫጭን ሮለሮች ሲኖሩት፣ ከኋላ የሚደግፏቸው 18 ናቸው። ሁለት ሠራተኛ፣ 18 አይዞህ ባይ።

ሳልረሳው፣ የአሉሚኒየም ፎይል አንዱ ፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሌላው ደብዛዛ የሆነው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በጣም ስለሚሳሳ በመጨረሻው ማለፊያ ሁለቱን ደርበው ነው የሚዳምጧቸው። ሮለሩን የነካው ፊት ያበራል፤ እርስ በርሳቸው የተነካኩት ፊቶች ይደበዝዛሉ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ወደ መኝታው ልመለስ። አረብ ብረት ውስጥ ጥቃቅን ባዕድ ነገሮች አሉ። ለምሳሌ ድኝ ከማንጋኒዝ ጋር ተዋህዶ የሚፈጥራቸው ቅንጣቶች። ብረቱ ጋለ ብሎ ሲዳመጥ እነሱም አብረው ይለጠጣሉ፣ ክር ይሆናሉ። ሁሉም ክር ላሜራው በሄደበት አቅጣጫ ይተኛል። ብረቱን ክሮቹን አቋርጣችሁ ካጠፋችሁት ይቋቋማል። ከክሮቹ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ካጠፋችሁት ግን እጥፋቱ በውጭ በኩል ሲወጠር ክርና ክር መካከል ይከፈታል። እንጨት የፈለጠ ሰው ያውቀዋል።

ስለ ጋለና ስለ ቀዝቃዛ ደግሞ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ሙቅ» የሚባለው እጅ የሚያቃጥለው አይደለም። ብረት ሲደቆስ ብረቱ ራሱ የተሠራባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች፣ ቅንጣቶች የምንላቸው፣ ይጨፈለቃሉ፣ ብረቱም እየጠነከረ፣ እየደረቀ ይሄዳል። ሙቀቱ በቂ ከሆነ ግን በተጨፈለቁት ቦታ አዳዲስ ቅንጣቶች ይወለዳሉ፣ ብረቱም እንደገና ይለሰልሳል። ሙቅ ሥራ ማለት ይህ እዚያው በዚያው የሚሆንበት ሙቀት ነው። አረብ ብረትን ብዙ ጊዜ ከ1100 እስከ 1250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አግለን ነው የምንጀምረው። እርሳስ ግን ክፍል ውስጥ ባለው ሙቀት ስትቀጠቅጡት እንኳ «ሙቅ ሥራ» እየሠራችሁ ነው። ተንግስተን በተቃራኒው 1000 ዲግሪ ላይ እየፋመም ገና «ቀዝቃዛ» ነው። ልዩነቱን በእጅ ለመሞከር ለስላሳ የመዳብ ሽቦ ውሰዱ። አጥፉት፣ አቃኑት፣ እንደገና አጥፉት። በሦስተኛው ያስቸግራችኋል።

በቀዝቃዛ የተዳመጠ ብረት ያምራል። ልኩ ትክክል፣ ፊቱ ንጹሕ ነው። ያ ቁንጅና አንድ ጊዜ አታሎኛል። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ነበር። አንድ ፊቱን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ላጥኩት። ሞርሳውን ስፈታው እንደ ቀስት ተቀሰተ። ውጥረቱ ከመጀመሪያውም ውስጡ ነበር፤ ቆዳውና መሃሉ እየተሳሳቡ ተቻችለው ይኖራሉ። አንዱን ወገን ሳነሳው ሌላው አሸነፈ። ደግሜ ብሠራው ወይ አስቀድሜ አሙቄ ውጥረቱን አስለቅቀዋለሁ፣ ወይ ከሁለቱም ፊት እያፈራረቅኩ በጥቂት በጥቂቱ እልጠዋለሁ። ያ ብረት አሁን የክፍላችን በር መደገፊያ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፎርጂንግ ክፍል ተዛወርኩ። እዚያ መጀመሪያ የሚሰማው እግር ነው። ትልቁ መዶሻ ሲወርድ ድምፁ ጆሮ ከመድረሱ በፊት ወለሉ ይነግራችኋል። አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ እየጠበቅኩት ነበር።

ዳይ የምንለው ብረቱን ከሁለት በኩል ጨብጦ ቅርጽ የሚያስይዘውን መሣሪያ ነው። በተከፈተ ዳይ የሚሠራው ሥራ የድሮው ቀጥቃጭ ሥራ ነው፤ ትልቅ ሆኖ ነው እንጂ። ላይና ታች ጠፍጣፋ ብረት፣ መካከል የጋለው ግንድ። ይመታል፣ ይዞራል፣ ይመታል። ቅርጹን የሚያወጣው የሠራተኛው ዓይንና ልምድ ነው። ከትላልቅ የመርከብ ዘንጎች ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚወጡት። የእንፋሎት መዶሻም የመጣው በእነሱ ሰበብ ነው። በ1839 «ግሬት ብሪተን» ለተባለችው መርከብ የሚያስፈልገውን ግዙፍ ዘንግ የሚቀጠቅጥ መዶሻ ጠፋ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ናስሚዝ በእንፋሎት የሚነሳ መዶሻ ንድፍ አወጣ። ከዚያ መርከቧን በጎን መቅዘፊያ ሳይሆን በኋላ ውልብልቢት እናስኪዳት ተባለ፤ ዘንጉም ቀረ። መዶሻው ግን አልቀረም፤ በ1842 የፈጠራ መብቱን አገኘ። የተሰረዘ ትእዛዝ ደርሶብኝ ስበሳጭ ናስሚዝን አስባለሁ።

ዓይን ያልኩት የዋዛ አይደለም። ዛሬ ሙቀት መለኪያ አለ። ቢሆንም የድሮዎቹ ሰዎች ቀለሙን አይተው ነው የሚናገሩት። ቀይ ሆኖ ከደበዘዘ ተወው፣ ብትመታው ይሰነጠቃል። ብርቱካናማ ከሆነ ፍጠን። ቢጫ ከሆነ ጥሩ። ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ አብቅቷል። ብረቱ ተቃጥሏል፤ የቅንጣቶቹ መገናኛ ተበልቷል። የተቃጠለ ብረት ብታቀዘቅዙት፣ መልሳችሁ ብታግሉት አይድንም። የጥራጊ ሳጥን ነው ዕጣው።

በተዘጋ ዳይ ላይ ደግሞ የክፍሉን ሰው ሁሉ ያሳቅሁበት ታሪክ አለኝ። ሁለት ዳዮች አሉ፤ ቅርጹ በሁለቱ ላይ ተቆፍሯል። የጋለው ብረት መካከል ይገባል፣ ይመታል፣ ጉድጓዱን ይሞላል። ትርፉ በዳዮቹ መካከል በዙሪያው ይወጣል፤ ፍላሽ እንለዋለን። በኋላ ተቆርጦ ይጣላል። እኔ ይህን ሳይ ወዲያው ወረቀት አነሳሁ። በየዕቃው ይህን ያህል ግራም እየጣልን ነው፣ የምናስገባውን ብረት እንቀንስ አልኩ። ሐሳቤ ተሞከረልኝ። የወጡት ዕቃዎች ማዕዘናቸው ሁሉ ጎዶሎ ነበር።

ለካ ፍላሹ በር ነው። ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ መውጫውን ይዘጋል። መውጫ ያጣው ብረት ደግሞ ተገፍቶ ጠባቡ ማዕዘን ድረስ ይገባል። ፍላሽ ከሌለ ግፊት የለም። እንዳይተርፍ ማድረግ ይቻላል፤ ያ ግን የሚገባውን ብረት በትክክል መዝኖ፣ ዳዩንም ለዚያው ብሎ መሥራት ይጠይቃል። ቁጠባ ለሁለተኛ ጊዜ ጉድ ሠራኝ። ጋሼ ሲሰማ «አሁንም ላሜራ ላይ ነሽ?» ነው ያለኝ።

ፎርጂንግን የወደድኩት ግን መንጠቆ ተቆርጦ ያየሁ ዕለት ነው። ዕቃ ማንሻ መንጠቆ ነበር። ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰነጠቁት፣ ፊቱን አለሰለሱት፣ ሙቅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ነከሩት። አሲዱ ክሮቹን አወጣቸው። ከአንገቱ ተነሥተው፣ በጉብታው ዞረው፣ እስከ ጫፉ ድረስ ቅርጹን ተከትለው ይፈስሳሉ። የወንዝ መታጠፊያ ከአውሮፕላን ላይ ሲታይ ይመስላል። ይኸው መንጠቆ ከወፍራም የተዳመጠ ሰሌዳ ተቆርጦ ቢወጣ ክሮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ቀጥ ብለው ያልፉ ነበር፤ ጉብታው ላይ ሲደርሱም ይቆረጣሉ። ጭነቱ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ነው። ከዚያ ቀን በፊት «ሮሊንግ ቀጥ ያስተኛል፣ ፎርጂንግ ከቅርጹ ጋር ያስተኛል» የሚለው ለእኔ የደብተር መስመር ነበር።

ብሎንም እንዲሁ ነው። ጭንቅላቱ የሚወጣው የዘንጉን ጫፍ ደቁሶ በማሳበጥ ነው። እዚህ አንድ የቆየ ሕግ አለ። በአንድ ምት የምታሳብጡት ያልተደገፈ ርዝመት ከዘንጉ ዲያሜትር ሦስት እጥፍ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ አያብጥም፣ ይታጠፋል። ጥርሱ ደግሞ በጥሩ ብሎን ላይ አይቆረጥም፤ ጥርስ ባላቸው ዳዮች መካከል እየተንከባለለ ይታተማል። ክሩ አይበጠስም፤ በየጥርሱ ሥር እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ሥሩም ተደቁሶ ስለሚጠነክር ድካምን፣ ማለትም በተደጋጋሚ ጭነት የሚመጣን ስንጥቅ፣ ይቋቋማል። አንዲት ብሎን ላይ ጭንቅላቷ ፎርጂንግ፣ አንገቷ ሥር ያለው ሮሊንግ። ኩሽኔታ ውስጥ ያለው ቀለበትም የሁለቱ ዲቃላ ሊሆን ይችላል። ብረቱ መጀመሪያ ተቀጥቅጦ መሃሉ ይበሳል፣ ከዚያ እየተዳመጠ ይሰፋል። ክሩ ዙሪያውን ይዞራል።

አንድ የሚያበሳጨኝ ነገር ልናገር። ዕቃ ላይ «ፎርጅድ» የሚል ማኅተም ካዩ በኋላ ሌላ ምንም የማይጠይቁ ሰዎች አሉ። ፎርጂንግ ጸሎት አይደለም። ብረቱ ተቃጥሎ ከሆነ፣ ክሩ ጭነቱን አቋርጦ ከተኛ፣ በኋላ የሚደረግለት የሙቀት ሥራ ከተበላሸ፣ ማኅተሙ አያድነውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መደረብ ነው። ብረቱ ዳዩ ውስጥ ሲፈስስ ስለታማ ማዕዘን ላይ ራሱ ላይ ይታጠፋል። በፊቱ ላይ የኦክሳይድ ቅርፊት ስላለ እጥፋቱ አይዋሃድም። ከውጭ ሲታይ የፀጉር መስመር ነው፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይታይም። ሥራ ላይ ሲውል ግን ከዚያ ነው የሚሰነጠቀው። ትልቅ ማሽንም ለዚህ መልስ አይሆንም። በ1955 ክሊቭላንድ ውስጥ ለአውሮፕላን ክፍሎች ሥራ የጀመረው ፕሬስ 50,000 ቶን ይገፋል። እሱም ቢሆን ማዕዘኑ በክፉ የተቆረጠ ዳይ ከሰጡት እጥፋቱን በ50,000 ቶን ያትመዋል።

ሰሞኑን ጠረጴዛችን ላይ ያለው ጉዳይም ይኸው ነው። አዲስ ዳይ ገብቷል። ለአንድ ክንድ ነው፤ ሁለት ጫፉ ወፍራም፣ መሃሉ ቀጭን። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ የሚወርድበት ማዕዘን ለእኔ ዓይን በጣም ስለታም ነው። ዳዩን የሠራው ልጅ ምንም አይሆንም ይላል። እኔ እዚያ ቦታ ይደረባል ብያለሁ። ተወራርደናል። የተሸነፈ ሳምንቱን ሙሉ ዳዮቹ ላይ ግራፋይት ይረጫል፤ ያ ማለት ማታ ማታ ጥቁር አፍንጫ ይዞ ቤት መግባት ነው።

ነገ ጠዋት አንዱን ናሙና እንቆርጠዋለን። አሲዱ ተዘጋጅቷል። ጋሼም ሰምቶ እመጣለሁ ብሏል፤ ከማን ጋር እንደወገነ ግን አልነገረኝም።